የእንዶዱ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እና የዓድዋ ልብስ አጣቢዎች

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ውል አይደለም። ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ሕይወት ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ይባላሉ። ከሞቱ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አልፏል። ዘጠነኛ ክፍል የደረሳችሁ በባዮሎጂ መጽሐፋችን ላይ ስማቸውን ታስታውሱ ይሆናል።

ሳይንቲስት ለእኛ ለቤት ሠራተኞች ምናችን ነው የምትል እህት አትጠፋም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። የእኚህ ሰው ትልቁ ግኝት የጀመረው መጽሐፍ ቤት ውስጥ ሳይሆን ወንዝ ዳር ነው፣ ጎንበስ ብለው ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች ዘንድ። እዚህ ዓደን፣ ክሬተር ይሁን ሼክ ዑስማን፣ ቀኑን ሙሉ እጃችን ሳሙናና ክሎሮክስ ውስጥ ለሚውል ለእኛ ከዚህ የሚቀርብ የሳይንስ ታሪክ ያለ አይመስለኝም። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታባችሁ።

ዶክትሬት ማለት ምን ማለት ነው?

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። በዚያ ዘመን በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ በጣም ጥቂት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የደረሰማ በጣት የሚቆጠር ነው። እሳቸው ግን ገፍተው ሄዱ። ለከፍተኛ ትምህርት አሜሪካ ተሻገሩና በመጨረሻ ባልቲሞር ከተማ ያለው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ገቡ። በ1964 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ወጡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም ዶክተር ሲባል ብዙዎቻችን መርፌ የሚወጋ ሐኪም ብቻ ነው የሚመስለን። የእሳቸው የሕክምና ሳይሆን የምርምር ዲግሪ ነው። ልዩነቱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ሌሎች ሰዎች ያገኙትን ትማራላችሁ። ማስተርስ ላይ ጠለቅ ትላላችሁ፣ አንድ ትንሽ ጥናትም ትሠራላችሁ። ዶክትሬት ላይ ግን ማንም ገና ያልመለሰውን ጥያቄ ታነሣላችሁ፣ ለዓመታት ትለፉበታላችሁ፣ ከዚያ መልሱን አዋቂዎች ፊት ቆማችሁ ታስረዳላችሁ። በየት በኩል እንዳገኛችሁት፣ ስንት ጊዜ ደጋግማችሁ እንደሞከራችሁት፣ ሌላ ምክንያት እንደሌለው በምን እንዳወቃችሁ ይፈትኗችኋል። ካላሳመናችሁ አታልፉም።

የእሳቸው ሙያ የጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት ነው፣ ማለትም ሰው አካል ውስጥ ገብተው የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳትና ትሎች። በዚያው በ1964 ከአንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ ጋር ሆነው ያሳተሙት ሥራ ሊሽማንያ ስለሚባለው ተሕዋስ ነው። ይህ ተሕዋስ በእኛ አገር ፊት ላይ የሚወጣውን ቁንጭርን እና ቆላ ላይ ሰው የሚጨርሰውን ካላዛርን የሚያመጣው ነው። ሰው አካል ውስጥ ሲሆን በሴል ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ከሴል ውጭ፣ ብርጭቆ ቱቦ ውስጥ እንዴት አድርጎ ማሳደግ ይቻላል የሚለው ነበር የሥራው ጥያቄ። ይሄ ከባድ የትዕግሥት ሥራ ነው። ምግቡን ታዘጋጃላችሁ፣ ሙቀቱን ትጠብቃላችሁ፣ አንድ ሌላ ጀርም ከገባበት ሁሉም ይበላሽና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ቡኮ ተበላሽቶባት እንደገና ያቦካች ይህን ትረዳለች።

በሽታው

ዶክተር አክሊሉ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ አሜሪካ አልቀሩም። አዲስ አበባ ተመልሰው በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ሥራ ጀመሩ። ወዲያው የያዙት ጉዳይ ቢልሃርዝያ ነው።

ቢልሃርዝያ ከወንዝ፣ ከኩሬ፣ ከመስኖ ቦይ የሚይዝ በሽታ ነው። የታመመ ሰው ውሃ ዳር ሲጸዳዳ ወይም ሲሸና የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ይፈለፈልና አንዲት ትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሳምንታት ቆይቶ፣ ተባዝቶ እንደገና ወደ ውሃው ይወጣል። ከዚያ ልብስ የምታጥበዋን፣ ውሃ የምትቀዳዋን፣ የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። መጠጣት አያስፈልግም፣ እግር መንከር ይበቃል። ትሉ በደም ሥር ውስጥ ዓመታት ይኖራል። አንዱ ዓይነት አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል፣ ሌላው ፊኛን ጎድቶ ሽንትን ደም ያደርጋል። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ወደ 200 ሚሊዮን ሰው ይዞታል ተብሎ ይገመት ነበር፣ አብዛኛው ድሃ፣ አብዛኛው ገበሬና የገበሬ ልጅ።

አሁን አስቡት። ይህን በሽታ ለመቁረጥ አንዱ መንገድ ቀንድ አውጣዋን መግደል ነው። እሷ ከሌለች ትሉ የሚባዛበት ቤት የለውም። የቀንድ አውጣ መርዝ አውሮፓ ውስጥ ተሠርቶ ይሸጥ ነበር። ነገር ግን ውድ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፣ አንድ ጊዜ ረጭተው የሚተዉት አይደለም። ድሃ አገር ከየት አምጥቶ በየዓመቱ ይገዛል?

ዓድዋ፣ 1964

ዶክተር አክሊሉ በሽታው የት የት እንዳለ፣ ቀንድ አውጣዋም የት እንደምትገኝ ለማጥናት ትግራይ፣ ዓድዋ ሄዱ። በወንዙ ዳር እየሄዱ ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ ሴቶች ልብስ እያጠቡ አገኙ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነው።

እንዶድን የገጠር ልጆች ታውቁታላችሁ። ዛፍና አጥር ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ተክል ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ይሰጣል። ሳሙና ሳይመጣ በፊት እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ የሚያነጡት በእሱ ነበር። ዛሬም የአገር ልብስ በእንዶድ ካልታጠበ ነጭ አይሆንም የሚሉ አሉ።

ዶክተር አክሊሉ ያስተዋሉት ነገር ይህ ነው። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቷል። ከእነሱ በላይ ባለው ውሃ ግን ቀንድ አውጣው በሕይወት አለ። ያው ወንዝ፣ ያው ቀን፣ መካከሉ ላይ ያሉት አጣቢዎቹ ብቻ ናቸው።

ብዙ ሰው ይህን አይቶ ያልፋል። እሳቸው ግን የተማሩትን ነገር እዚያው ተጠቀሙበት። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ዕቃ ውስጥ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ እንድታፈስበት ለመኗት። ትንሽ ቆይቶ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ልብ በሉ እህቶቼ፣ የዚያ ምርምር የመጀመሪያው ሙከራ የተሠራው በአንዲት ልብስ አጣቢ እጅ ነው።

ከወንዝ ወደ ላብራቶሪ

አንድ ጊዜ ማየት ግን ለሳይንስ አይበቃም። ዶክትሬት ላይ የተማሩት ትልቁ ነገር እኮ ይኸው ነው፣ ያዩትን ነገር መጠራጠር። እንዶዱን አዲስ አበባ ወስደው በልክ በልክ እየቀጠኑ ሞከሩ። በጣም በቀጠነ ውሃም ቢሆን ቀንድ አውጣዋን እንደሚገድል አረጋገጡ። ውሃ ውስጥ ቶሎ እንደሚበላሽና ለረጅም ጊዜ እንደማይቆይም ታወቀ። ችግሩንም አልደበቁም፤ ዓሣ ይገድላል፣ ዓይን ያቃጥላል።

በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ሐሳቡ የእኛን በሽታ በእኛው አገር፣ በእኛው ልጆች እናጥና ነው። እዚያ አብረዋቸው ከሠሩት ዋናው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። እሳቸው ደግሞ የተክሉን ነገር ያዙ። እንዶድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ 65 ዓይነት ሰብስበው፣ አብቅለው፣ አወዳድረው ከመካከሉ 44 የሚል ቁጥር የተሰጠው ከሁሉም የበለጠ ኃይለኛ ሆኖ ተገኘ። ይህም ዓመታት የፈጀ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ጥያቄው በእርግጥ ሰው ያድናል ወይ የሚለው ሆነ። ቀንድ አውጣ መግደል አንድ ነገር ነው፣ ልጅ እንዳይታመም ማድረግ ሌላ። ስለዚህ ወደዚያችው ወደ ዓድዋ ተመለሱ። ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመት የከተማዋ ወንዞች በእንዶድ ታከሙ፣ ሕዝቡም እየተመረመረ ተጻፈ። መጀመሪያ ላይ ከመቶ ሰው 63ቱ ቢልሃርዝያ ነበረበት፤ በመጨረሻ ወደ ሲሶ ገደማ ወረደ። ከሁሉም የሚያስደስተው የትንንሾቹ ነው። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ካሉት ሕፃናት ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 ወረደ። ይህ ማለት በሽታው አዲስ ሰው መያዙን በጣም ቀንሷል ማለት ነው፣ ምክንያቱም ትልቁ ሰው ድሮ የያዘው ትል ሊኖርበት ይችላል፣ ሕፃን ግን ከተገኘበት አዲስ ነው።

በዚያው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የኬሚስትሪ ሰዎች ከእንዶድ ውስጥ የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት። ስሙንም በእሳቸው ስም ለማቶክሲን አሉት። የአባታቸው የአቶ ለማ ስም በዓለም የኬሚስትሪ መጽሐፍ ላይ ገባ ማለት ነው።

ያላመኑት ብዙ ናቸው

እዚህ ድረስ ስታነቡ ታዲያ እንዶድ ለምን ዓለምን አላዳነም ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ውጤቱን ይዘው ዓለም አቀፍ የጤና ድርጅቶችን በር አንኳኩ። የገጠማቸው ጥርጣሬ ነው። አፍሪካ ውስጥ፣ በአፍሪካውያን ላብራቶሪ የተሠራ ጥናት ብቻውን አይበቃም ተባለ። መርዛማነቱ በውጭ ላብራቶሪ፣ በውድ መሣሪያ እንደገና ይታይ ተባለ። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ የለም። ዓመት በዓመት ላይ እየተደረበ ሄደ፣ በመጨረሻ በካናዳውያን ድጋፍ የደኅንነቱ ጥናት ሲሠራ ከዓድዋ ቀን ጀምሮ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ራሱ ስሕተት አልነበረም። ሰው የሚነካው፣ ከብት የሚጠጣው ውሃ ላይ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። እሳቸውም ምርመራን የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። የሚያሳዝነው ግን በር ላይ ቆሞ ማስረጃ አምጣ የሚባለው ድሃው መሆኑ፣ ማስረጃውን የሚያሠራው ገንዘብ ደግሞ ሌላው ዘንድ መሆኑ ነው። ወረቀት አምጪ እየተባልን ወረቀቱን የሚሰጠን ያጣነው ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገንም።

በዚህ መካከል ደግሞ ፕራዚኳንቴል የሚባል ጥሩ የቢልሃርዝያ ኪኒን መጣ። ሰውን ያድናል፣ ወንዙን ግን አያጸዳም፤ የዳነው ሰው ተመልሶ ውሃው ውስጥ ከገባ እንደገና ይይዘዋል። ቢሆንም የዓለም ትኩረት ወደ ኪኒኑ ዞረ።

እሳቸው ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሠሩ። ኋላም ጣልያን አገር ፍሎረንስ ከተማ ባለው የዩኒሴፍ የሕፃናት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። እንዶድን ግን አልተዉም። በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ብዙ ሰው አማራጭ ኖቤል የሚለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ስዊድን ላይ ተቀበሉ።

በ1990 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በዚያ አካባቢ ያሉትን ትላልቅ ሐይቆች አንድ ባዕድ ዛጎል ለበስ ፍጡር ወርሯቸው የውሃ ቧንቧ ሁሉ ይደፍን ነበር። እንዶድ ተሞከረበት፣ ሠራ። ዩኒቨርሲቲውም በዚህ አጠቃቀም ላይ ፓተንት አወጣ፣ ስማቸውም ከፈልሳፊዎቹ መካከል አለ። ፓተንት ማለት ያለ እኔ ፈቃድ ይህን ማንም ለንግድ አይጠቀም የሚል የባለቤትነት ወረቀት ነው። ይህ ነገር ትልቅ ክርክር አስነሣ። ከትውልድ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ የኢትዮጵያ ሴቶች እውቀት ላይ የሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ እንዴት ባለቤት ይሆናል የሚል።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1997 ዐረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል። እዚያ ዛሬም ወጣቶች በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ ይማራሉ፣ ይመራመራሉ።

የማን ነው እውቀቱ?

እኔ በዚህ ታሪክ ላይ ያለኝን ሐሳብ ልንገራችሁ፣ እናንተም አስቡበት።

ሽልማቱ ላይ ሁለት ስም ነው ያለው። የአጣቢዎቹ የለም። እንዶድ የትኛው ፍሬ እንደሚሻል፣ መቼ እንደሚለቀም፣ ምን ያህል እንደሚወቀጥ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። እሳቸው መጥተው ባያጠኑት ግን ያ እውቀት ከልብስ አልፎ ልጆቻቸውን አያድንም ነበር፤ አጣቢዎቹ ራሳቸው ልብሱን ሲያጥቡ በዚያው ውሃ ይታመሙ ነበርና። እንግዲህ ሁለቱም ያስፈልጋል፣ የእጅ እውቀትም የትምህርት ቤት እውቀትም። የሚያስቆጨኝ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አለመገናኘታቸው ነው። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ልጅ ሆና ትምህርት ቤት ገብታ ቢሆን ኖሮ የሞተውን ቀንድ አውጣ አይታ ራሷ አትጠይቅም ነበር?

እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንደዚያው ናችሁ፣ ከዚያ በታችም አለ። ሥራ የገባሁበት አንድ ቤት ተማሪ መሆኔን ስናገር የሳቁብኝ ነበሩ። ግን ሴት ልጅ እስከ መጨረሻው አትደርስም የሚለው ውሸት ነው። ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንን ጀርመን ሃይደልበርግ በባዮሎጂ ዶክትሬታቸውን ሠርተው፣ በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ሆነዋል። የሚያጠኑትም እንደ ሽፈራው ያሉ የአገራችንን የመድኃኒት ዕፅዋት ነው።

ለዛሬ የሚጠቅሙን ነገሮች

የመጀመሪያው ስለ ጤናችሁ ነው። ቢልሃርዝያ የመንም ውስጥ አለ፣ እንደ ታዕዝና ኢብ ባሉት ቦታዎች በደንብ ይታወቃል። በዓረብኛም ቢልሃርሲያ ነው የሚሉት፣ ክሊኒክ ብትሄዱ ይገባቸዋል። የዓደን ባሕር ጨው ስለሆነ ከዚያ አይይዝም። ግን በመንገድ ስትመጡ ወንዝና ኩሬ ውስጥ ገብታችሁ የነበረ፣ ወይም ገጠር ተልካችሁ ከግድብና ከቦይ ውሃ የምትቀዱ፣ ሽንታችሁ ወይም ሰገራችሁ ደም ካለው፣ ሆዳችሁን ለረጅም ጊዜ ካመማችሁ ተመርመሩ። ምርመራው የሽንትና የሰገራ ነው፣ ኪኒኑም ረጅም ጊዜ የሚወሰድ አይደለም። አገር ቤት ያሉ ልጆቻችሁም ወንዝ የሚዋኙ ከሆነ ለእናቶቻችሁ ንገሯቸው።

ሁለተኛው ስለ እንዶድ ነው። ከአገር የሚያስመጡ እህቶች አሉ፣ ለልብስ ይሁን። እንዳትጠጡት። ለኮሶ ወይም ፅንስ ለማስወረድ የሚጠጡት አሉ፣ ሰው ይገድላል። ስትወቅጡም ዓይናችሁን ጠብቁ።

ሦስተኛው ስለ ትምህርት ነው። አገር ቤት የማታ ትምህርት አለ፣ ከቆማችሁበት ክፍል መቀጠል ይቻላል። ለዚያ ግን የትምህርት ማስረጃችሁ ያስፈልጋል። ዋናውን ካርዳችሁን ለደላላም ለአሠሪም አትስጡ። አገር ቤት የምታምኑት ሰው ዘንድ አስቀምጡት፣ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ ያዙ። ዶክትሬት ሩቅ ነው፣ እኔም አልዋሻችሁም፤ ከአሥረኛ ክፍል ሲቆጠር ከአሥር ዓመት በላይ የሚፈጅ መንገድ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ግን ቅርብ ነው። እኛ ባንደርስ እንኳን፣ በምንልከው ብር የምትማር እህት ወይም ልጅ ካለችን ከልብስና ከስልክ በፊት ደብተሯን እንጠይቅ። ባዮሎጂ ላይ ስንት አመጣሽ እንበላት። የፕሮፌሰር አክሊሉንና የእነዚያን ሴቶች ታሪክም እንንገራት።

በሉ ቸር ሰንብቱ እህቶቼ። አላህም እግዚአብሔርም ይጠብቃችሁ።